አራተኛ ለወጣችው

የተከበራችሁ ዳኞች፣ አሰልጣኞች፣ በጎ ፈቃደኞች፣ ውድ ተወዳዳሪዎች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ነገ በጠዋት ስለምትወዳደሩ አዘጋጆቹ አጠር አድርጊው ብለውኛል። ስለ አበረታች ቅመሞች ሕግ፣ ስለ ምርመራውና ስለ ጤና እንድናገር ነው የጋበዙኝ። ሁሉንም እነካካዋለሁ። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንድ ሰው ለመናገር ነው፤ አራተኛ ስለሚወጣው ሰው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። አብረን ወለል ላይ ተዘርረናል፤ መዳፋችን ተልጦ ፕላስተር ተዋውሰናል። ስለዚህ ያንን ዓመት ሳታስታውሱት አትቀሩም። በመጨረሻው ዙር አራት ስናች፣ ማለትም ባርቤሉን ከመሬት በአንድ ምት ከራስ በላይ ማንሳት፣ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ባርቤሉን መሬት ላይ ስጥለው ከጎኔ የነበረችው ልጅ መስመሩን ስታልፍ አየኋት። በዘጠኝ ሰከንድ ቀደመችኝ። ሄጄ አቀፍኳት። «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት፤ ከልቤ ነበር። ሦስቱ መድረክ ላይ ሲወጡ እኔ ከታች ቆሜ አጨበጨብኩ።

ማታ አሰልጣኜ የልምምድ ደብተሬን ገልጦ «ዘጠኙ ሰከንድ የት ጋ ነው የጠፋን?» አለኝ። ወራት ሙሉ ፈለግነው። አሯሯጤን ቀየርን። የክብደት ልምምድ ጨመርን። በእሱ ሰበብ ትከሻዬን ተጎዳሁ፤ ዛሬም ሲበርድ ያመኛል። ዘጠኙ ሰከንድ ግን እኔ ጋ አልነበረም። እሷ በተወጋችው መርፌ ውስጥ ነበር።

ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ቡናማ ፖስታ መጣልኝ። ልብስ እያጠብኩ ስለነበር በእርጥብ እጄ ነው የከፈትኩት። የነሐስ ሜዳሊያና ሁለት መስመር ደብዳቤ። ሜዳሊያውን አንገቴ ላይ አጠለቅኩት። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ወዲያው አወለቅኩት።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ክብደት ማንሳትን፣ ሩጫንና ጂምናስቲክን በሚያጣምረው የክሮስፊት ስፖርት ትልቁ ውድድር፣ በክሮስፊት ጌምስ፣ ሪኪ ጋራርድ የተባለ ተወዳዳሪ ሦስተኛ ሆኖ መድረክ ላይ ቆመ። በኋላ ናሙናው ውስጥ ቴስቶሎንና ኢንዱሮቦል የተባሉ የተከለከሉ ቅመሞች ተገኙ። ውጤቱ ተሰረዘ፤ አራት ዓመት ታገደ። ሦስተኛነቱ አራተኛ ወጥቶ ለነበረው ለፓትሪክ ቬልነር ተሰጠ። የእገዳው ጊዜ ሲያልቅ ጋራርድ እ.ኤ.አ. በ2022 ተመልሶ ተወዳደረ፤ ሦስተኛም ወጣ። ቅጣቱን ጨርሷል፤ እሱ ላይ ቂም የለኝም። ወረቀቱ ይስተካከላል። መድረኩ፣ ጭብጨባው፣ ያቺ ምሽት ግን ለማንም አይመለሱም።

«ተቀጣ፣ አለቀ» የምትሉ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጡንቻ የሚያሳድገውን ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮንን፣ ለአይጦች ሰጥተው ነበር። የጡንቻቸው ሕዋስ አዳዲስ ኒውክለስ፣ ማለትም ሕዋሱን የሚመራ እምብርት፣ አወጣ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ጡንቻው ሟሸሸ፤ ኒውክለሶቹ ግን ከሦስት ወር በኋላም እዚያው ነበሩ። እንደገና ሲሠሩ ጡንቻቸው ምንም ካልወሰዱት አይጦች በጣም ፈጥኖ አደገ። ለአይጥ ሦስት ወር ትልቅ ዕድሜ ነው። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ «እገዳው ሲያልቅ ሁሉም እኩል ነው» የሚለው አባባል አልዋጥልኝ ብሏል።

አሰልጣኞች፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ያቺ በዘጠኝ ሰከንድ የቀደመችኝ ልጅ አሰልጣኝ ነበራት። በየቀኑ ያያት ነበር። ዓመታት ሙሉ አልነቃነቅ ያላት ክብደት በሁለት ወር ላባ ሲሆንላት አይቷል። ድምፅዋ ሲጎረንን ሰምቷል። ሲጠየቅ ምን አለ? «አላየሁም፣ አልሰማሁም።» እንዴት አላየህም? የጉልበቷን አቅጣጫ በሁለት ጣት የምታርም ሰው፣ የእግር ጣቷ ሲዞር የምትጮህ ሰው፣ ይህ እንዴት አመለጠህ? ሜዳሊያ ሲመጣ «የእኔ ልጅ» ነበረች። የምርመራው ውጤት ሲመጣ «የራሷ ውሳኔ» ሆነ። እሷ ታገደች፤ እሱ በማግስቱ ጂም ገብቶ ሌላ ልጅ ማሠልጠን ቀጠለ። ይህ ነውር ነው! ደግሜ እላለሁ፣ ነውር ነው!

ስለ ጤናው በአጭሩ። ኢንዱሮቦልን ያበለጸገው ኩባንያ ራሱ ነው የተወው። እንስሳት ላይ ካንሰር አምጥቷል። የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ለስፖርተኞች በግልጽ አስጠንቅቋል። ዛሬም «ለምርምር ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት በጠርሙስ ይሸጣል። እናንተ የምርምር አይጥ አይደላችሁም።

ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው። ሰውነታችሁ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። «ሳፕሊመንቱ ውስጥ ተቀላቅሎ ነው» ማለት ብቻውን አያድንም። የማታውቁትን ዱቄት አትበጥብጡ። ነገ ለምርመራ የሚጠራ ሰው መታወቂያውን ይዞ ከአጃቢው ጋር ይሂድ። ናሙናው ኤ እና ቢ ተብሎ በሁለት ጠርሙስ ይከፈላል፤ ሲታሸግ በዓይናችሁ እዩ።

ጨርሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል።

ባለፈው ዓመት እዚህ አራተኛ የወጣችው ልጅ ዛሬ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ውጤቱ መስተካከሉን በስልክ ነው የሰማችው። አዘጋጆቹ ሜዳሊያውን በፖስታ ሊልኩላት ነበር። ለመንኳቸው፣ እሺ አሉኝ። ይኸው፣ በእጄ ነው።

ነይ እህቴ፣ ወደዚህ ውጪ። እናንተ ደግሞ እባካችሁ ተነሡላት።