በሰው ኳስ ተለማምደን በሜዳችን ተሸነፍን

ድሬዳዋ ውስጥ በሴቶች ቅርጫት ኳስ ደጋፊዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። አሰላሙ አለይኩም። አካም ጅርቱ። ነበድ። የድሬ ሰላምታ በአንድ ቋንቋ አያልቅም፤ ማንም እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው።

የክለባችን አመራሮች፣ አሰልጣኛችን፣ ከፊት የተቀመጣችሁ ተጫዋቾቻችን፣ ከቀፊራም ከሳቢያንም ከገንደ ቆሬም የመጣችሁ ደጋፊዎች፣ በሥራ ቀን ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ።

ተናድጃለሁ። ይህን ሳልናገር ሌላውን መናገር አልችልም። ቅዳሜ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሽንፈት አዲስ ሆኖብኝ አይደለም። ይህን ቡድን መከተል ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ብዙ ጊዜ አንገታችንን ደፍተን ወጥተናል። የሚበልጠን ቡድን መጥቶ ቢያሸንፈን አጨብጭቤ እሸኘዋለሁ። የቅዳሜው ግን አልበለጠንም። በሦስት ነጥብ አሸንፎን ሄደ። በራሳችን ሜዳ፣ በራሳችን ሪንግ፣ በራሳችን ፀሐይ።

ፀሐይዋን ያነሳሁት በምክንያት ነው። እንግዶቹ የመጡት ከደጋ ነው። ድሬ በአሥር ሰዓት ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። ሲሚንቶው ከታች ይፋጃል፣ ነፋሱ ራሱ ትኩስ ነው። ሁለተኛው ሩብ ሊያልቅ ሲል የእነሱ ልጆች ወገባቸውን ይዘው ይተነፍሱ ነበር። ውሃውን ከመጠጣት ራሳቸው ላይ ማፍሰስ ጀምረው ነበር። የእኛ ልጆች ግን ይሮጣሉ። ኳስ ሲነጥቁ፣ ቦርድ ስር ሲዘሉ፣ አንዷ ለሌላዋ ሳታያት ስታቀብላት ማየት እንዴት ደስ ይል እንደነበር! ለእረፍት ስንወጣ በዘጠኝ ነጥብ እንመራ ነበር። አጠገቤ የነበረች እናት "ዛሬስ አለቀ" ብላ ለልጇ ሙሸበክ ልትገዛ ተነሳች።

አላለቀም።

እንግዶቹ ሲደክማቸው በእጅ መያዝ ጀመሩ። ደንቡን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አንድ ቡድን በአንድ ሩብ ውስጥ አራት ፋውል ከሞላ፣ ከአምስተኛው ጀምሮ ለተጋጣሚው ሁለት ነጻ ውርወራ ይሰጣል። እነሱ በአራተኛው ሩብ አራቱን ቶሎ ሞሉ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው እጃችን ላይ ነበር። መስመሩ ላይ ቆመን መጨረስ ብቻ ነበር የቀረን።

ነጻ ውርወራ እኮ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ብቻሽን የምትሆኚበት ጊዜ ነው። ከመስመሩ እስከ ቦርዱ 4 ሜትር ከ60 ነው። ሪንጉ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ የትም አገር ብትሄጂ ያው ነው። ማንም አይጋርድሽም፣ ማንም አይገፋሽም። አምስት ሰከንድ አለሽ። የሚፈለገው እጅ የለመደው ነገር ብቻ ነው።

ሙያዬ መጋዘን ነው። ሃያ ዓመት ገደማ ዕቃ ስቆጥር ኖሬያለሁ። ሜዳ ስገባም ትንሽ ደብተር እይዛለሁ። ለእያንዳንዱ ነጻ ውርወራ አንድ ጭረት አሰምራለሁ፤ የገባው ከላይ፣ የሳተው ከታች። ቅዳሜ 19 ጊዜ ወረወርን። 8 ገባ። 11 ሳትን። አሥራ አንድ ስተን በሦስት ነጥብ ተሸነፍን።

ደብተሬ ላይ ሌላም ነገር አለ። ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ለእሱ ነው። የሳተ ኳስ የት እንደነካ እጽፋለሁ። አጠረ፣ ረዘመ ወይም ወደ ጎን ሄደ። ከ11ዱ 8ቱ የሳቱት ረዝመው ነው። የሪንጉን የኋላ ብረት መትተው ነው የተመለሱት። የደከመ ሰው ኳስ ያጥራል። ጉልበት ሲዝል ኳሱ የፊቱን ብረት ነው የሚነካው። ልጆቻችን ደክሟቸው ቢሆን ኖሮ ኳሱ ባጠረ ነበር። ለምን ረዘመ?

አምበላችንን አስታውሷት። ሊያልቅ አርባ ሰከንድ ገደማ ቀርቶታል። በአንድ ነጥብ እየተመራን ነው። ሁለት ውርወራ አግኝታለች። መዳፏን በቁምጣዋ ጠረገች። ኳሱን ሦስቴ አነጠረች። እኔ ከሪንጉ ጀርባ ስለነበርኩ ፊቷን አይቻለሁ። ኳሱን መዳፏ ላይ አዞረችው። እንደገና አዞረችው። የምታውቀው ዕቃ አልመሰለም። ጣቶቿ ቦታቸውን እየፈለጉ ነበር። ወረወረች። የኋላው ብረት ኳ አለ። ሁለተኛውም ኳ አለ። ከዚያ እኛ ፋውል ሠራን፤ እነሱ ሁለቱንም አስገቡ። አበቃ።

ረቡዕ ዕለት ልምምዳቸውን ልይ ብዬ ሄድኩ። ልጆቹ የሚለማመዱት በሰባት ሰዓት ነው። የድሬ ሰባት ሰዓት! ፍየሎቹ እንኳን ግድግዳ ተጠግተው የሚቆሙበት ሰዓት። ለምን በዚህ ሰዓት ብዬ ጠየቅኩ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ሜዳው የወንዶቹ ነው ተባልኩ።

ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩ። አንድ ኳስ ተንከባልሎ እግሬ ስር መጣ። አነሳሁት። ከበደኝ። የመጋዘን ሰው ዕቃ ሲይዝ ቁጥሩን ነው የሚፈልገው። ገልብጬ ከሚነፋበት ቀዳዳ አጠገብ አነበብኩ። 7 ይላል። ሌላውን ተቀብዬ አየሁ። 7። ሦስተኛው ላይ ቁጥሩ ተፍቆ ጠፍቷል፤ ቆዳው እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ልሟል። ስድስት ኳስ ነበር። አንድም ባለ 6 ቁጥር አላገኘሁም።

ለማታውቁ ልንገራችሁ። የወንዶች ኳስ 7 ቁጥር ነው፤ የሴቶች 6 ቁጥር። ሰባት ቁጥሩ ወደ 600 ግራም ይመዝናል፤ ዙሪያው ከ75 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። ስድስት ቁጥሩ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ያልፋል፤ ዙሪያውም ወደ 72 ሳንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱ የአንድ እንቁላል ክብደት ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ጀበናው ሙሉ መስሏችሁ ስታነሱት ባዶ ሲሆን እጃችሁ ምን ይሆናል? ወደ ላይ ዘልሎ ይሄዳል። ሳምንቱን ሙሉ ከባዱን ኳስ የለመደ እጅም ቅዳሜ ቀላሉን ሲሰጡት እንደዚያው ነው። በለመደው ጉልበት ይወረውራል፤ ኳሱም ይረዝማል።

ስድስት ቁጥር ክለባችን ውስጥ የለም ማለቴ አይደለም። ሁለት አሉ። ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ቅዳሜ ይወጣሉ፣ ቅዳሜ ይመለሳሉ። "እንዳያረጁ ነው" አሉኝ። ኳስ የሚገዛው እኮ እንዲያረጅ ነው! መጋዘን ውስጥ አዲስ ሆኖ የሚቀመጥ ኳስ ለማንም ነጥብ አላስቆጠረም።

"ሴቶች ጫና አይችሉም፣ ልባቸው ትንሽ ነው" ስትሉ የነበራችሁ ሰዎች ይህን ስሙልኝ። የልብ ጉዳይ አይደለም። የአሜሪካው የሴቶች ሊግ እ.ኤ.አ. በ1997 የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ ጀምሮ የተጫወተው በትንሹ ኳስ ነው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽንም የሴቶችን ውድድር የሚያስኬደው በ6 ቁጥር ነው። ሁሉም ያውቀዋል። እኛም እናውቀዋለን፤ ባናውቀው ሁለቱን አንገዛም ነበር።

ይህን ማንም በክፋት እንዳላደረገው አምናለሁ። እንዲህ ነው የሚሆነው፦ ኳስ ሲገዛ ለወንዶቹ ይገዛል። ሲያረጅ ወደ ሴቶቹ ይተላለፋል። ሰዓቱም እንደዚያው፣ ወንዶቹ ከመረጡ በኋላ የተረፈው ለእነሱ ነው። ማንም ተቀምጦ አልወሰነውም፤ ማንም ተነስቶም አልከለከለውም። ልጆቹ ግን ውል የፈረሙ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ባለሙያዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ቤታቸውን ትተው ከሌላ ከተማ መጥተው እዚህ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ሥራቸው ይህ ነው። የሥራ መሣሪያቸውን በሳምንት አንድ ቀን ነው የምናሳያቸው።

የሴቶች ቅርጫት ኳስ ድሮም ደጅ ሲጠና የኖረ ነው። ጨዋታው የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1891 መጨረሻ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሴንዳ ቤረንሰን የተባለች መምህርት ለሴት ተማሪዎቿ አስተማረችው። ሴቶች ገና ከመነሻው ነበሩበት ማለት ነው። ኦሊምፒክ ግን ወንዶቹን በ1936 በርሊን ላይ ሲያስገባ ሴቶቹን እስከ 1976 ሞንትሪያል ድረስ አስጠብቋቸዋል። አርባ ዓመት! የእኛ ልጆች ደግሞ ድሬ ላይ እስከ አሥር ሰዓት እንኳን አልተጠበቁም፤ በሰባት ሰዓት ወጥተው ሜዳውን እንዲለቁ ነው የሚነገራቸው።

አሰልጣኛችን፣ ድሬ ላይ አንቱ መባባል ብዙም አልለመድንም፤ አንተ ስልህ በአክብሮት ነው። ለፍተሃል። አውቃለሁ። ግን ባንተም ላይ ቅሬታ አለኝ። በሁለተኛው አጋማሽ ሦስት ታይም አውት ነበረህ። እነሱ በተከታታይ ሲያስቆጥሩብን፣ ልጆቹ እርስ በርስ መተያየት ሲጀምሩ፣ ቆመህ እጅህን ታወናጭፍ ነበር። አንዷን ደቂቃ ወስደህ ውሃ አጠጥተህ ብታረጋጋቸው ኖሮ! ሁለተኛው ይብሳል። የኳሱን ነገር ከእኔ ቀድመህ ታውቀው ነበር። በየቀኑ የምትይዘው አንተ ነህ። ጠይቀህ ከከለከሉህ ለምን አልነገርከንም? እኛ ደጋፊ የሆንነው ለጭብጨባ ብቻ ነው?

የእኛ ነገር ደግሞ አለ። እሱንም አልተወውም።

አራተኛው ሩብ ሲጀምር ዞር ብዬ ወደ ኋላ አየሁ። መቀመጫው ግማሹ ባዶ ሆኗል። የእንግሊዝ ጨዋታ ደርሶባቸው ነው የሄዱት። እንግሊዝ አገር ያለ ቡድን እናንተ ብትኖሩም ባትኖሩም ይጫወታል። እነዚህ ልጆች ግን ዓይናቸውን ቀና ሲያደርጉ ያዩት የእናንተን ጀርባ ነው። ያቺ ሙሸበክ የገዛች እናት ልጇን ይዛ እስከ መጨረሻው ተቀምጣለች። ልጅቷ ስኳሩ ጣቷ ላይ ደርቆ ታጨበጭብ ነበር።

ከቀሩትም መካከል ያልተገባ ነገር የተናገረ አለ። አምበላችን ሁለተኛውን ስትስት ከበስተግራዬ አንድ ሰው "ሂጂ ወጥሽን ሥሪ!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። እሷ ሰምታለች። ስትዞር አንገቷ ሲደነድን አይቻለሁ። ወንድሜ፣ እዚህ ካለህ ስምህን አልጠራም። ስብሰባው ሲያልቅ ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት። ይህች ከተማ እንዲህ አልነበረችም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የእግር ኳስ ቡድን፣ ኮተን፣ የአዲስ አበባዎቹን ትልልቅ ቡድኖች አሸንፎ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነባት ከተማ ናት። ሽማግሌዎቻችን ዛሬም ያንን ሲያነሱ ዓይናቸው ይበራል። ደጋፊነት ከእነሱ ነው የተማርነው።

አመራሮቻችን፣ የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። የሴቶቹ ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሁን። ጨዋታቸው በአሥር ሰዓት ከሆነ ልምምዳቸውም በዚያው ብርሃን፣ በዚያው ነፋስ ይሁን። ሁለቱ የተቆለፈባቸው ኳሶች ነገ ጠዋት ይውጡ። የሚመጣው በጀት ላይ ደግሞ የሴቶች ኳስ ተብሎ ራሱን ችሎ ይጻፍ። "ኳስ" ተብሎ በጥቅሉ ከተጻፈ የሚገዛው ሰባት ቁጥር ነው። ከመጋዘን ሰው ተቀበሉኝ፤ ያልተጻፈ ዕቃ አይገዛም።

እስከዚያ ግን ልጆቹ በጀት እስኪጸድቅ መጠበቅ የለባቸውም። ከቀፊራ ነጋዴዎች፣ ከባጃጅ ልጆች፣ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር አዋጥተን አራት ኳስ ገዝተናል። ይኸው እዚህ ማዳበሪያ ውስጥ ናቸው። አራቱንም ገልብጬ ቁጥራቸውን አይቻለሁ፤ ሁሉም ስድስት ናቸው።

አምበላችን፣ ነይ እህቴ። አንቺም አንብቢውና ተቀበዪኝ። አመራሮቻችን ደግሞ ንብረት ክፍሉ የዕቃ ገቢ ደረሰኙን፣ ሞዴል 19ን፣ ይቁረጥልን። የዕቃው ዝርዝር ላይ "የሴቶች ቅርጫት ኳስ፣ 6 ቁጥር፣ ብዛት 4" ተብሎ ይጻፍ። ቅጂው ከእኔ ጋር ይቀመጣል። ረቡዕ ልምምድ ላይ ይዤው እመጣለሁ።