አምፔግና የበገናው እንዝራ፦ ቤዝ ተጫዋቾች ይህን አምፕሊፋየር ለምን ይወዱታል?

ውድ ተመልካቾቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እንደተለመደው የማናግራችሁ ከደብረ ብርሃን ነው፤ ጠዋት ስለሆነና ብርዱም ገና ስላልለቀቀን ጋቢዬን እንደ ደረብሁ ብታዩኝ አይግረማችሁ። የዛሬው ርእሳችን ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ነው። ቤዝ ጊታር የሚጫወቱ ሰዎች በተገናኙ ቁጥር፣ ገና ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ፣ አምፔግ የሚባለውን አምፕሊፋየር፣ ማለትም ድምፅ ማጉያ፣ የሚያነሡት ለምንድን ነው? ሊድ ጊታሪስቱ ስለ ጊታሩ ያወራል፤ ኪቦርዲስቱ ስለ ኪቦርዱ ያወራል፤ ቤዚስቱ ግን ስለ አምፕሊፋየሩ ያወራል፤ ያውም ስለ አንዱ፣ ስለዚያው ስለ አምፔግ። እኔም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ፤ የምወደውን ነገር ነው የማስረዳችሁ። የምወደው ግን በምክንያት ነው፤ ምክንያቱንም ዛሬ በጆሯችሁ እንድትሰሙት አደርጋለሁ።

(የቤዙ ኢ ክር ባዶውን ይመታል፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ዝምታ።)

ይህ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ነው፤ ኢ ይባላል። በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ 41፤ ኋላ ያስፈልገናል።

አሁን አምፕሊፋየሩን ለጊዜው ትተን ወደ መንዝ እንውጣ። አያቴ በገና ደርዳሪ ነበሩ፤ ቤታቸውም ከመሐል ሜዳ ብዙም አይርቅም ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ በገናውን ከተሰቀለበት ያወርዱና በመጀመሪያ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፤ ቀጥለው አሥሩን አውታር አንድ በአንድ ይቃኛሉ። ልጅ ሳለሁ ሥራው በዚህ ያበቃ ይመስለኝ ነበር፤ ለእሳቸው ግን ዋናው ሥራ ገና አልተጀመረም። አውታሩ በርኩማው፣ ማለትም አውታሮቹን ደግፎ የሚይዘው እንጨት፣ ላይ በሚያርፍበት ቦታ፣ በአውታሩና በበርኩማው መካከል፣ እንዝራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ አለች። አባባ ጆሯቸውን ወደ በገናው ጠጋ አድርገው እንዝራዋን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች ይገፏታል፤ አውታሩን ይመቱታል፤ ያዳምጣሉ፤ እንደገና ይገፏታል። ትክክለኛው ቦታ ላይ ስትደርስ፣ እስካሁን «ድም» ብሎ ይቀር የነበረው ድምፅ በአንድ ጊዜ «ድዝዝዝ» ብሎ ቤቱን ይሞላዋል። አንድ ቀን፣ «አባባ፣ ያለ እንዝራ ቢደረደርስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ምንም ሳይመልሱ ከአንዱ አውታር ሥር እንዝራዋን አውጥተው መቱልኝ። ድምፁ አለ፤ ነገር ግን እዚያው እደረታቸው ላይ ቀረ፤ በር ላይ የተቀመጡት ሴት አያቴ ዘንድ እንኳ አልደረሰም።

ተመልካቾቼ፣ እዚህ ላይ ጥቂት እንድንቆይ ፍቀዱልኝ፤ የዛሬው ነገር ሁሉ ያለው እዚህ ነውና። የሰው ጆሮ ቀጭን ድምፅን በቀላሉ ይሰማል፤ ወፍራም ድምፅን ግን በብዙ ጉልበት ካልገፉለት አይሰማም። በገና ወፍራም ነው፤ ሳጥኑ ደግሞ ትንሽ ነው። አውታሩ እየተርገበገበ ቆዳዋን በነካ ቁጥር ግን ከዋናው ድምፅ በላይ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ። እነዚህን ሃርሞኒክ እንላቸዋለን። ዋናው ድምፅ 41 ቢሆን፣ እጥፉ 82፣ ሦስት እጥፉ 123፣ አራት እጥፉ 164 እያለ ይሄዳል። የሚያስደንቀው ግን ይህ አይደለም፤ የሚያስደንቀው፣ 82ን፣ 123ንና 164ን አብረው የሰሙ ጆሮና አንጎል፣ 41 ፈጽሞ ባይኖር እንኳ ራሳቸው አስበው የሚያስቀምጡት መሆኑ ነው። የሮሃ ባንድን ካሴት በትንሽ ቴፕ የሰማችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። የዚያ ቴፕ ስፒከር መዳፍ የማይሞላ ነበር፤ 41 ኸርዝን፣ ማለትም በሰከንድ 41 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ፣ ማውጣት ከቶ አይችልም ነበር፤ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ግን መስመሩ ሳይጠፋ ይሰማን ነበር። እንዝራ የምትሠራው ይህንኑ ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ ጆሮ በሚይዘው ጠርዝ ትከብበዋለች።

አምፔግም እንዝራ ነው። የዛሬውን ቪዲዮ የሠራሁት ይህችን አንዲት ነገር ለመናገር ነው።

ታሪኩን እንይ፤ ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ። በ1940ዎቹ ኤቨረት ሀል የተባለ አሜሪካዊ የኮንትራባስ፣ ማለትም ቆመው የሚጫወቱት ትልቅ ቤዝ፣ ተጫዋች፣ ድምፁ በሌሎች መሣሪያዎች እየተዋጠ ስላስቸገረው፣ ኮንትራባሱ መሬት ላይ በሚቆምበት ካስማ በኩል ማይክሮፎን ወደ ውስጥ አስገባ። ካስማ በእንግሊዝኛ ፔግ ነው፤ ድምፁ የጎላ ካስማ ለማለት «አምፕሊፋይድ ፔግ» አለው፤ ሲያጥር አምፔግ ሆነ። በ1960 ደግሞ ጄስ ኦሊቨር ፖርታፍሌክስ ቢ-15 የተባለውን ሠራ፤ 25 ዋት ብቻ፣ አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር፣ ሄዱም (ድምፁን የሚያጎላው ክፍል) ተገልብጦ በራሱ ሳጥን ውስጥ የሚገባ። የአሜሪካው የሞታውን ሙዚቃ ድርጅት ቤዚስት ጄምስ ጃመርሰን መድረክ ላይ ይጫወትበት የነበረው ይኸው ነው። በ1969 ኤስቪቲ የተባለው አምፕሊፋየር መጣ፤ 300 ዋት፣ በውስጡ 14 ቲዩብ፣ ማለትም አምፖል የሚመስሉ የመስታወት ማጉያዎች፣ ያለው፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስ በአሜሪካ ጉዟቸው ይዘውት ዞሩ። ድርጅቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ኖሮ በ2018 በያማሃ ሥር ገባ።

እኔን ሁልጊዜ የሚነካኝ አንድ ነገር አለ። ሀል ንጹሕ ድምፅ የሚወድ የጃዝ ሰው ነበር፤ የሚያጓራ ድምፅም፣ ሮክ ሙዚቃም ደስ አይለውም ነበር። እኛ ዛሬ የእሱን መሣሪያ የምንወደው ግን በዚያው እሱ ባልወደደው ጉርምርምታ ነው።

የኤስቪቲ ውስጡ እንዴት ይሠራል የሚለውን ቶሎ ልለፈው፤ ስለ ቲዩብ ባለፈው ዓመት የሠራሁትን ቪዲዮ ያላያችሁ ቻናሉ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም በዚያው አድርጉ። ምልክቱ ከጊታሩ ይገባል፤ ፕሪአምፑ ያጎላዋል፤ የቤዝ፣ የሚድና የትሬብል መቆጣጠሪያዎቹ ይቀርጹታል፤ ከዚያ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ስድስቱ ትልልቅ የፓወር ቲዩቦች ይገባል፤ እነርሱ እየተፈራረቁ ይገፉታል፤ አውትፑት ትራንስፎርመሩ ለስፒከሩ በሚስማማ መጠን ይለውጠዋል። ቲዩቦቹ አቅማቸው ሲሞላ የድምፁን ጫፍ ያለዝቡታል፤ በመለዘቡም ሃርሞኒኮች ይወለዳሉ። ይኸው ነው።

አሁን ወደ አንድ ጉዳይ ልመለስ፤ ዝም ብዬ ላልፈው አስቤ ነበር፤ ግን ብዙ ሰው ስለጻፈልኝ አልችልም። «የቲዩብ ዋት ከትራንዚስተር ዋት ይበልጣል፤ 300 ዋት ቲዩብ ከ800 ዋት ትራንዚስተር ይጮኻል» ትሉኛላችሁ። ወዳጆቼ፣ ዋት ዋት ነው። የገብስ ኩንታልና የባቄላ ኩንታል ሚዛን ላይ አንድ ናቸው፤ መንዝ ተሸምቶ ደብረ ሲና ስለተሸጠ ኩንታል አይጨምርም። ታዲያ ሰዉ ሁሉ በጆሮው የሰማው ውሸት ነው? አይደለም፤ የሰማው እውነት ነው፤ የሰጠው ምክንያት ግን የተሳሳተ ነው። ትራንዚስተር አቅሙ ሲያልቅ የድምፁን ጫፍ በመቀስ እንደቆረጡት አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ያ ድምፅ ለጆሮ ስለሚጎረብጥ ተጫዋቹ ደንግጦ ቮልዩሙን ይቀንሳል፤ ስለዚህ 800 ዋቱን አብዛኛውን ጊዜ አይጠቀምበትም። ቲዩብ ግን ሲሞላ ስለሚያለዝብ፣ ተጫዋቹ ከልኩ አልፎ ይገፋዋል፤ ጎልቶ የሚሰማው ደግሞ ጆሮ በሚወደው በዚያ የሃርሞኒክ ክልል ነው።

በዚያ ላይ የዋትን ሂሳብ አስቡት። ዋቱን እጥፍ ብታደርጉት የምታገኙት 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉላት መለኪያ) ብቻ ነው፤ ይህም ልዩነቱ የሚሰማ፣ ነገር ግን የማያስደነግጥ ነው። ለጆሮ እጥፍ ጮኸ እንዲባል ዋቱ አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ስለዚህ ከ300 ወደ 600 ለመውጣት ገንዘባቸውን የሚያፈሱ ወጣቶችን ሳይ አዝናለሁ፤ ያንኑ ገንዘብ ጥሩ የስፒከር ሳጥን ላይ ቢያውሉት ይሻላቸው ነበር።

ስለ ሳጥኑ ከተነሣ፣ ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች የያዘውን የኤስቪቲን ሳጥን ፈረንጆቹ ፍሪጅ ይሉታል፤ ቁመቱም መልኩም ፍሪጅ ነውና። 63 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሄዱ ለብቻው ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። ሠርጉ ፎቅ ላይ ከሆነ የሙሽራውን ሚዜዎች ቀደም ብላችሁ ወዳጅ አድርጓቸው። ወደ ቁም ነገሩ ስንመለስ፣ ይህ ሳጥን ከኋላው የታሸገ ነው፤ ከ60 ኸርዝ በታች ድምፁ እየደከመ ይሄዳል። 41ን አስታወሳችሁ? የኢ ክር ዋና ድምፅ በዚህ ሳጥን ተዳክሞ ነው የሚወጣው። እንዲያም ሆኖ ከፊቱ የቆመ ሰው ሁሉ «ደረቴን መታኝ» ይላል። ደረቱን የመታው ከ80 ጀምሮ ወደ ላይ ያለው ነው፤ 41ን የጨመረለት የራሱ ጆሮ ነው። ያ አሮጌ ቴፕ ያደርግ የነበረውን ይህ ፍሪጅ በስምንት ስፒከር ያደርገዋል። በችክችካ ላይ ከበሮውና ድራሙ የታችኛውን ቦታ ሲይዙ፣ የአምፔግ ቤዝ ከመካከላቸው ወጥቶ የሚሰማውም ለዚሁ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልስጥ። የመጀመሪያው ከራሴ የደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጃችን ከአሜሪካ ያመጣው አምፕሊፋየር ነበር፤ ከጀርባው የተጻፈው 120 ቮልት መፋቅ ጀምሮ ስለነበር ማንም አላነበበውም። ድንኳኑ ውስጥ 220 ላይ ሰካነው። መጀመሪያ ከወትሮው የጎላ እምምታ ሰማን፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ መጣ፤ ከዚያ ዝም አለ። ሙሽሮቹ ሲገቡ እኔ ቤዙን ታቅፌ ቆሜ ነበር፤ ያንን ምሽት የቤዙን መስመር በግራ እጁ የተጫወተልን ኪቦርዲስቱ ነው። እባካችሁ፣ ከውጭ የመጣ ዕቃ ስትገዙ ጀርባውን በባትሪ እያበራችሁ አንብቡ፤ 120 ከሆነ ቮልት የሚቀንስ በቂ አቅም ያለው ትራንስፎርመር ሳይኖር አትሰኩት። ሁለተኛው፣ የቲዩብ አምፕሊፋየርን ስፒከር ሳይገናኝ አታብሩ፤ አውትፑት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል፤ ከዕቃው ውድ ክፍሎችም አንዱ እርሱ ነው።

ፍሪጁን መግዛት ለማይችል፣ እኔንም ጨምሮ፣ አምፔግ ኤስሲአር ዲአይ የሚባል በእግር የሚረገጥ ትንሽ ሳጥን አለው፤ ከጊታሩ ወደ እሱ፣ ከእሱ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ነው። ቲዩብ የለውም፤ ጉርምርምታውን ግን በሚገባ ይሰጣል። በቀጥታ መቅዳት የሚያሳፍር የሚመስለው ካለ፣ ጃመርሰን በሞታውን ስቱዲዮ ሲቀዳ ቤዙ በቀጥታ ወደ ኮንሶሉ ይገባ እንደነበር ልንገረው።

አሁን ያንኑ አንድ የአምባሰል መስመር ሁለት ጊዜ እጫወትላችኋለሁ፤ በመጀመሪያ ንጹሑን፣ ቀጥሎ ድራይቩን፣ ማለትም ጉርምርምታውን የሚያመጣውን መቆጣጠሪያ፣ ከፍቼ። የጆሮ ማዳመጫ አታድርጉ፤ በስልካችሁ ስፒከር ስሙት። በየትኛው ላይ ወፍራሙ ክር እንደተሰማችሁ ከታች ጻፉልኝ።

(ቤዙ ንጹሕ፤ ጥቂት ዝምታ፤ ቤዙ በድራይቭ።)