መቻላቸውን ሳናረጋግጥ አናሰማራቸው

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ባልደረቦቼ፣ የዘንድሮ ተመራቂዎቻችን፤ ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት የወረዳችሁም፣ እዚሁ ኮምቦልቻ ያደራችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ቴክኖሎጂና ዕድገት እንድናገር ጠይቀውኛል። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። አብረው እንዲሠሩ ያሰማራናቸው ፕሮግራሞች ተባብረው ምን ማድረግ ይችላሉ?

ባለፈው ክረምት እዚሁ ከተማ ወደ አንድ መጋዘን ተጠርቼ ነበር። ስሙን አልጠራም። መድኃኒት የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል አለው። ሌሊት መብራት ጠፍቷል። ጠዋት በሩ ሲከፈት ክፍሉ ሞቋል። ጄኔሬተሩ ናፍጣ እንደሞላ ቆሟል። ማቀዝቀዣውም ምንም አልሆነም። ጥበቃው ግራ ገብቶት፣ «ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ግን አንዳቸውም አልተነሡም» አለኝ።

ኮዱን ከፍተን አየን። ጄኔሬተሩን የሚመራው ፕሮግራም ናፍጣ እንዳይባክን ተብሎ፣ የኃይል ጥያቄ ካልደረሰው አያስነሣም። ማቀዝቀዣውን የሚመራው ደግሞ ኮምፕረሰሩ እንዳይቃጠል ተብሎ፣ መስመሩ ላይ የተረጋጋ ኃይል ካላየ ጥያቄ አይልክም። ሁለቱም በባትሪ ነቅተው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠባበቁ አደሩ። የሸጧቸው ድርጅቶች የተለያዩ ናቸው። ሁለቱም ለየብቻ ተፈትነው አልፈዋል፤ ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ጥፋቱ የማን ነው ሲባል፣ «የመብራት ነው» ተባለ። መብራትማ ይጠፋል! ጄኔሬተር የተገዛው እኮ ስለሚጠፋ ነው!

ይህን ነገር ቀድሞ ለመጠየቅ የተሠራ ሎጂክ አለ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ አሚር ፕኑዌሊ እ.ኤ.አ. በ1977 የጊዜን ሎጂክ፣ ማለትም ነገሮች በጊዜ ሂደት እንዴት እንደሚለወጡ የሚገልጸውን ሎጂክ፣ ወደ ፕሮግራም ማረጋገጫ አመጣ። ከእሱ በኋላ የመጡት እነ ክላርክና ኤመርሰን በሁለት ቃል ይጠይቁ ነበር፦ «በሁሉም መንገድ» ወይም «ቢያንስ በአንድ መንገድ»። መንገድ ማለት ነገሮች ሊሄዱ የሚችሉበት አንድ አካሄድ ነው። ለመጋዘናችን ግን ሁለቱም አይበቁም። «በሁሉም መንገድ ክፍሉ ይቀዘቅዛል» ብንል ሐሰት ነው፤ ጄኔሬተሩ አልነሣም ሊል ይችላላ። «ቢያንስ በአንድ መንገድ ይቀዘቅዛል» ብንል እውነት ነው፤ ግን ያ መንገድ መብራት ጭራሽ የማይጠፋበት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ እውነት መድኃኒት አያድንም።

እ.ኤ.አ. በ1997 ራጂቭ አሉር፣ ቶማስ ሄንዚንገርና ኦርና ኩፕፈርማን ኤ.ቲ.ኤል የሚባለውን ሎጂክ አቀረቡ። በእሱ ጥያቄው እንዲህ ይጻፋል፦ ጄኔሬተሩና ማቀዝቀዣው፣ የመብራት መስመሩ ምንም ቢያደርግ፣ ክፍሉን ሁልጊዜ ቀዝቃዛ አድርጎ የሚያቆይ የጋራ ስልት አላቸው ወይ? ልብ በሉ፤ መስመሩን ከወዳጅ አልቆጠርነውም። የፈለገውን ያድርግ ብለን ነው የምንጠይቀው። የወሎ ሰው ይህ አይጠፋውም። አንድ ቤት ብቻውን የማይወጣውን ሐዘን ቅሬው፣ ማለትም እድሩ፣ ይወጣዋል። የእያንዳንዱን ቤት አቅም ለየብቻ መዝግባችሁ ቅሬው ምን እንደሚችል አታውቁም። ስለ ቅሬው ራሱ መጠየቅ አለባችሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። ስልት አለ ማለትና ፕሮግራሞቹ ስልቱን ሊከተሉት ይችላሉ ማለት ይለያያሉ። ስልቱ «ሙቀቱ ሲጨምር ጄኔሬተሩ ይነሣ» ይላል እንበል። የጄኔሬተሩ ፕሮግራም ግን ሙቀቱን አያይም፤ የሙቀት መለኪያው የተገናኘው ከማቀዝቀዣው ጋር ብቻ ነው። ክፍሉ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ለእሱ አንድ ነው። አንድ ከሆነበት ደግሞ በሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት እርምጃ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ያ ስልት ወረቀት ላይ አለ፣ መጋዘኑ ውስጥ የለም። ሎጂኩን በዚህ መልክ አጥብቀን ስንጠይቅ፣ የጎደለው የትኛው መልእክት እንደሆነ ወለል ብሎ ይታያል። እዚያ መጋዘን የጎደለው አንድ መልእክት ነበር። አንድ!

እና አንድ ስብሰባ ላይ ምን ተባልኩ? «ሎጂክ ዳቦ አይሆንም፤ የትምህርቱ ሰዓት ይቀነስ።» ተቀነሰም። እኔ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ያ የተጣለ መድኃኒት በነፃ ነው የመጣው? ለታማሚ ሊደርስ የነበረ አይደለም ወይ? ተማሪውን ኮድ መጻፍ አስተምረን፣ ኮዱ ከሌላ ሰው ኮድ ጋር ተገናኝቶ ምን እንደሚያደርግ መጠየቅን ካላስተማርነው፣ ግማሽ ባለሙያ ነው ያስመረቅነው! የነገዎቹ ኤጀንቶች ደግሞ እርስ በርስ እየተነጋገሩ በራሳቸው የሚወስኑ ናቸው። የባሰውን ችግር ቁጭ ብለን ልንጠብቅ ነው?

ከባድ ነው የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ፕሮግራሞቹ ሁሉም ሁሉን የሚያዩ ከሆነ፣ ማረጋገጡ ከሞዴሉ፣ ማለትም ሥርዓቱን ከሚወክለው ንድፍ፣ መጠን ጋር በቀጥታ የሚያድግ ጊዜ ነው የሚወስደው። ከፊሉን ብቻ እያዩ ያለፈውን ሁሉ የሚያስታውሱ ከሆነ ግን፣ ለሁሉም ጉዳይ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ሊኖር አይችልም፤ ይህ በማስረጃ የተረጋገጠ ነው። የማስታወስ አቅማቸውን ስንገድበው እንደገና መልስ ይገኛል። ይህን የሚያረጋግጥ ሶፍትዌርም አለ፤ ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የተሠራው ኤምሲማስ በነፃ ይገኛል።

ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ ዝርዝር ሐሳቤን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ አልደግመውም።

ተመራቂዎች፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ፕሮግራም የሚያገናኝ ፕሮጀክት ያላችሁ ሁሉ፣ ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ገጽ ጨምሩበት። ማን ምን ያያል፣ ማን ምን መምረጥ ይችላል፣ ተባብረው ምን ማረጋገጥ አለባቸው። ቢሮዬ ለዚህ ክፍት ነው፤ ይዛችሁልኝ ኑ፣ አብረን እናየዋለን። አመሰግናለሁ።