አይጧ ዳነች፤ ሰውየውስ?

ክቡራን እንግዶች፣ መምህሮቼ፣ የሙያ ጓደኞቼ፤ እንደምን ዋላችሁ?

ስለ መድኃኒት ዕፅዋት ምርምር ጠቅለል ያለ ነገር እንዳቀርብ ነበር የተጠየቅኩት። ወረቀቱም ተዘጋጅቷል። ግን ከገጽ አንድ የማልፍ አይመስለኝም። ጉሮሮዬ ላይ የተሰነቀረ ነገር አለ።

ለማስተርስ ጥናቴ ገጠር ወርጄ አንድ የባህል ሐኪም ደጅ ጠናሁ። እንዳሁላ በሚባል ተክል ቅጠል ቁስል የሚያክሙ አባት ናቸው። ሁለት ቀን ሙሉ "ለመንግሥት ልትነግሪብኝ ነው" ብለው እምቢ አሉ። በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው ቡና አፍልተው አስታረቁን። ቅጠሉ መቼ እንደሚቆረጥ፣ እሳት ላይ እንዴት እንደሚለበለብ አሳዩኝ። በዓመቱ ውጤቱን ልነግራቸው ተመለስኩ።

"አባባ፣ ቁስሉ ቶሎ ዳነ!" አልኳቸው በኩራት።

"የማን ቁስል?"

"የአይጥ።"

ዝም ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ እኛ ቤት አይጥ የምትታከመው በወጥመድ ነው" አሉኝ።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ።

አሠራሩን እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ 80 በመቶ ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) ውስጥ 72 ሰዓት ይዘፈዘፋል። ባለ 5 እና ባለ 10 በመቶ ቅባት ይሠራል። አይጧን አደንዝዘን ጀርባዋን እንላጫለን፣ ቆዳዋን በክብ ቆርጠን እናነሳለን። ከተለመደው የቁስል መድኃኒት፣ ከናይትሮፉራዞን ጋር እናወዳድራለን። ጠበበ፣ ተዘጋ፣ ተመረቅን።

የአይጥ ቆዳ ግን የኛ ቆዳ አይደለም! ከቆዳዋ ሥር ስስ የጡንቻ ንጣፍ አለ። ቁስሉን እንደ ከረጢት አፍ ሰብስቦ ይዘጋዋል። የሰው ቁስል በአብዛኛው የሚድነው ከሥር አዲስ ሥጋ ሞልቶ፣ ከላይ ቆዳ ለብሶ ነው። ደግሞ እኛ የምንቆርጠው ጤነኛ፣ ወጣት አይጥ ነው። በስኳር በሽታ እግሩ ቆስሎ ወራት የተኛ ሰው እንዲህ ነው? ቁስሉ እንዳይሰበሰብ ዙሪያውን የሲሊኮን ቀለበት መስፋት ይቻላል። ስንቶቻችን ሰፋን? እኔ አልሰፋሁም።

ምርምር ሳይሆን ምረቃ ነው ስንሠራ የኖርነው! አጨብጭቡ፣ ግድ የለም። የሚጨበጨበው በራሳችን ላይ ነው።

ሳይንቲስቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ላብራቶሪ ገቡ። ግን እዚያ አልቀሩም፤ ተመልሰው እንዶዱን እዚያው አድዋ ውኃ ላይ ሞከሩት። የኛ ቅባት ግን ከብልቃጡ አልወጣም።

ሌሎችም ነጥቦች ነበሩኝ። ያልጸዳ ቅጠል ክፍት ቁስል ላይ መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህን ለሕዝቡ ንገሩ። ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዕውቀቱ የማኅበረሰቡ ነው ይላል፤ አንብቡት። ሰዓቴም አልቋል መሰለኝ።

ዘንድሮ ፕሮፖዛል የምታመጡልኝ ተማሪዎች፣ ቀለበት የሌለው ቁስል ይዛችሁ ብትመጡ አልፈርምም። ካሁኑ ሰምታችኋል። አመሰግናለሁ።