ሒሳብን ከጣሪያ ውኃ መማር

የተከበራችሁ ርእሳነ መምህራን፣ መምህራንና ወላጆች፣ የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤

ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ሒሳብ ትምህርት ስንመክር የማነሣው ጉዳይ አንድ ነው። ተማሪዎቻችን የተሰጣቸውን ቀመር ከማስላት አልፈው፣ ከአካባቢያቸው ጥያቄ ተነሥተው ቀመሩን ራሳቸው እንዲያዋቅሩና በልኬት እንዲፈትኑት ማድረግ ይገባናል። ሒሳባዊ ሞዴል መሥራት ይህ ነው፤ በጥቁር ሰሌዳ ብቻ አይለመድም።

ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 8 ሜትር የሆነ ቦታ የሚሸፍን የመማሪያ ክፍል ጣሪያ አለን እንበል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሚሆን፣ 15 ሚሊ ሜትር ዝናብ 2,400 ሊትር ይሰጣል። እስከዚህ ማንም ተማሪ ይደርሳል፤ ሞዴሉ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የምንወስደው ስፋት የተዳፋውን ቆርቆሮ ነው ወይስ ጣሪያው መሬት ላይ የሚሸፍነውን? ዝናቡ ቀጥ ብሎ ይወርዳል ካልን የኋለኛውን ነው፤ ነፋስ ሲኖርስ? ቆርቆሮው ላይ ለሚቀረውና ከአሸንዳው ለሚያፈተልከው ብለን በ0.8 ብናባዛ 1,920 ሊትር ይቀራል፤ ግን ለምን 0.8? ተማሪው ቁጥሩን ከመጽሐፍ ከሚቀዳ፣ አፉና ታቹ እኩል የሆነ ጣሳ ግቢ ውስጥ አስቀምጦ የዝናቡን ከፍታ በማስመሪያ ይለካ፤ ከአሸንዳው የወረደውንም በባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይቁጠር። የሃይላንድ ጠርሙስ ታቹ ወጣ ገባ ስለሆነ ለዚህ አይመችም። በጄሪካን የተቆጠረው ሊትር በጣሳው ልኬት ለተገመተው ሊትር ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የዚያ ትምህርት ቤት ጣሪያ ቁጥር ነው።

በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ይዘንባል ብለን ብንነሣ፣ ይኸው ጣሪያ በ0.8 ተባዝቶ 115,200 ሊትር ይሰበስባል። ነገር ግን አብዛኛው ዝናባችን በሐምሌና በነሐሴ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ ይወርዳል። ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ገና በስድስተኛው ባለ 15 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሞላና የቀረው ይፈስሳል፤ 500 ተማሪዎች ለእጅ መታጠቢያ በቀን አንድ አንድ ሊትር ቢጠቀሙ፣ የሞላው ሮቶ የሚበቃው ለ20 የትምህርት ቀናት ብቻ ነው። እጥረቱ ከጣሪያው ሳይሆን ከማጠራቀሚያው መሆኑን ተማሪዎቹ ራሳቸው ሲደርሱበት፣ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደርም የሚረዳ ሥራ ሠርተዋል።

የዞናችን መልክዓ ምድርም ያግዘናል። ደብረ ብርሃን ከሸዋ ሮቢት በ1,500 ሜትር ገደማ ትበልጣለች፤ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ደግሞ በየ300 ሜትሩ በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። የሁለቱ ከተሞች ተማሪዎች ለክተው ውጤታቸውን ቢለዋወጡ፣ ባቄላ ደጋ ላይ ለምን ቆይቶ እንደሚበስል የሚያስረዳ መስመራዊ እኩልታ ያገኛሉ።

ምዘናችን ካልተለወጠ ግን ይህ ሁሉ ከትርኢት አያልፍም። ግምቱና ልኬቱ ያልተገናኙለት ተማሪ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በሚገባ ካስረዳ፣ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይገባል ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ቁጥሩን አስተካክሎ ከሚያቀርበው ይልቅ ሒሳብ የገባው እርሱ ነው። የብሔራዊ ፈተና ጫና እንዳለብን አውቃለሁ፤ ስለዚህ የምጠይቀው በወሰነ ትምህርት አንድ ፕሮጀክት ብቻ ነው። መምህራን ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ ተማሪዎችን በአምስት በአምስት እንድታደራጁ፣ ወላጆችም ልጆቻችሁ በክረምቱ ዝናብ ሲለኩ ጊዜ እንድትሰጧቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።