ለእማማ ቢዲ ሜሰን ያለብን ውለታ
(በሎስ አንጀለስ በኢትዮጵያውያን የማኅበረሰብ ዝግጅት ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆቻችንም፤ እንኳን በደህና መጣችሁ።

የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ወር በመጣ ቁጥር ስለ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ መናገር ልማዳችን ሆኗል፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው በዚሁ በከተማችን፣ መሀል ከተማ ስፕሪንግ ስትሪት ላይ ይኖሩ የነበሩ አንዲት እናትን ነው። ብዙዎቻችሁ ታክሲ ስትነዱ በደጃቸው አልፋችኋል። ስማቸው ብሪጅት ሜሰን ነው፤ አገሬው ቢዲ ይላቸው ነበር። እኔ በእኛ ወግ እማማ ቢዲ እላቸዋለሁ። ልጆቻችን እንዲከተሉን ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።

እማማ ቢዲ በ1818 በዚህ አገር በደቡባዊው ክፍል በባርነት ተወለዱ። ማንበብና መጻፍ አላስተማሯቸውም። ያስተማሯቸው ሥራ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማዋለድና በቅጠላ ቅጠል ማከም። ሚሲሲፒ ውስጥ የሮበርት ስሚዝ ንብረት ተብለው ይኖሩ ነበር። ስሚዝ የሞርሞን እምነት ተከታይ ሆኖ በ1848 ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዩታ ሲሰደድ እሳቸውንም ይዟቸው ሄደ። ሰውየው በጋሪ፣ እሳቸው በእግር! ወደ 1,700 ማይል የሚሆን መንገድ ከጋሪዎቹ ኋላ ከብት እየነዱ፣ ሲመሽ ምግብ እያበሰሉ፣ መንገድ ላይ ምጥ የያዛትን እያዋለዱ ሄዱ። ሦስት ሴት ልጆች ነበሯቸው፤ ኤለን፣ አንና ሃሪየት። ሃሪየት ገና ጡት አልጣለችም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን በእግሩ የወጣ ሰው አለ። ልጅ አዝሎ በረሃ ማቋረጥ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

በ1851 ስሚዝ ከዩታ ወደ ሳን በርናርዲኖ አመጣቸው። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት ባርነትን በሕገ መንግሥቷ ከልክላ ክፍለ ሀገር ሆና ነበር። እንደ ሕጉ እማማ ቢዲ ነጻ ሴት ናቸው ማለት ነው። ግን ማን ይንገራቸው? ማን ያስፈጽምላቸው? ተጨማሪ ዓመታት ያለ ደሞዝ አገለገሉ።

አሁን የምነግራችሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ ይኸ ነው።

በ1855 መጨረሻ ስሚዝ ባርነት ወደ ጸናባት ወደ ቴክሳስ ሊወስዳቸው ጓዙን ጠቀለለ። እማማ ቢዲን ከልጆቻቸው፣ ሐና የምትባለውን ሌላዋን ሴት ከነልጆቿ ይዞ ሳንታ ሞኒካ ተራሮች ውስጥ አንድ ሸለቆ ላይ ሰፈረ። በዚያን ጊዜ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሮበርት ኦወንስ የሚባል ጥቁር ነጋዴ ነበር፤ ከባርነት ወጥቶ በፈረስና በበቅሎ ንግድ የበለጸገ ሰው። ልጁ ቻርልስ የእማማ ቢዲን ትልቋን ልጅ ኤለንን ይወዳት ነበር። የሚወዳት ልጅ ተመልሳ ወደ ባርነት ልትወሰድ መሆኑን ሲሰማ ነገሩ ለአባቱ ደረሰ። ኦወንስ ምን አደረገ? «የማን ዘር ናት?» አላለም። «ባሪያ ናት፣ ለልጄ አትሆንም» አላለም። ለሸሪፉ አመለከተ፣ ከብት ጠባቂዎቹን አስከተለ፣ ሸለቆው ድረስ ሄዶ ሴቶቹንና ሕፃናቱን አስጣለ!

ጉዳዩ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ሆኖ ዳኛ ቤንጃሚን ሄይስ ፊት ቀረበ። በጊዜው በካሊፎርኒያ ሕግ ጥቁር ሰው በነጭ ላይ ምስክር ሆኖ መቆም አይችልም ነበር። እማማ ቢዲ ስለ ገዛ ራሳቸው፣ ስለ ገዛ ልጆቻቸው ችሎት ላይ መናገር ተከለከሉ። ዳኛው ግን ወደ ቢሯቸው አስገብተው ብቻቸውን ጠየቋቸው። እሳቸውም ሁልጊዜ የታዘዙትን ሲሠሩ እንደኖሩ፣ ይህን የቴክሳስ ጉዞ ግን ከሰሙበት ቀን ጀምሮ እንደፈሩት ተናገሩ። ስሚዝ «ቴክሳስም እንደዚሁ ነጻ ትሆናላችሁ» ብሏቸው ነበር። ጥር 1856 ዳኛው 14ቱም ሰዎች ነጻ መሆናቸውን ወሰኑ። አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። ኤለንና ቻርልስም በዚያው ዓመት ተጋቡ፤ እማማ ቢዲም ማረፊያቸው የኦወንስ ቤት ሆነ።

ወገኖቼ፣ አንድ ወጣት አንዲትን ልጅ ስለወደደ፣ አባቱም የልጁን ፍቅር ስላከበረ 14 ሰው ከባርነት አመለጠ። ከዚያ ትዳር የተወለደው ሮበርት ኦወንስ፣ የእማማ ቢዲ የልጅ ልጅ፣ በዚህች ከተማ በመሬትና በሕንፃ ሀብት ስሙ የታወቀ ሰው ሆነ። ቤተሰብ እንዲህ ነው የተተከለው።

እኛስ? ከመካከላችን በአንዱ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ፤ ስም አልጠራም፣ ቤቱም በደግነቱ የሚታወቅ ነው። እዚህ የተወለደች፣ ተምራ ነርስ የሆነች ልጃችን አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት ወደደች። ልጁ ጨዋ፣ ሠራተኛ ነው። ወጋችንን ጠይቆ፣ እናቱንና የቤተ ክርስቲያናቸውን ቄስ ሽማግሌ አድርጎ፣ ከረባቱን አስሮ መጣ። እኔም ተጠርቼ እዚያ ነበርኩ። እንግዶቹ ሳሎን ተቀምጠው አባት ከመኝታ ቤት አልወጣም። ቡና አልተፈላም። ደጅ ለረገጠ መንገደኛ እግር የምናጥብ ሕዝብ ነን እንላለን፤ ለእኒያ እናት ግን አንድ ስኒ ቡና ጠፋ! ሴትየዋ ነገሩ ገብቷቸው ቀስ ብለው ተነሱ፤ ልጃቸውን በክንዱ ይዘው ወጡ። እኔ መኝታ ቤቱን አንኳኩቼ ለአባትየው የተናገርኩትን ዛሬ በአደባባይ እደግመዋለሁ።

ይህ የምንኖርበት ቤት፣ ይህ የምንሠራበት ሆስፒታል፣ ይህ ልጆቻችን የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ በር የተከፈተው በማን ነው? ፍርድ ቤቶች «ጥቁር እዚህ ሰፈር ቤት አይገዛም» የሚለውን ውል ማስፈጸም ያቆሙት በ1948 ነው። የመኖሪያ ቤት አድልዎን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1968 ነው። እኛን ወደዚህ አገር ያስገባን የ1965ቱ የስደተኞች ሕግ የጸደቀው ጥቁር አሜሪካውያን በውሻ እየተነከሱ፣ በውኃ ቱቦ እየተገረፉ በታገሉበት ዘመን ነው። ፌርፋክስ ላይ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ሰሌዳ በ2002 ሲሰቀል እልል ብለናል። እኛ ያን ሰሌዳ ሳንሰቅል፣ አንዳችንም እዚህ ሳንደርስ፣ በ1935 ጣሊያን አገራችንን ሲወር በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሐርለም አደባባይ የወጡልን እነማን ነበሩ? ከቺካጎ ተነስቶ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል የመራው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የማን ልጅ ነበር? አዲስ አበባ ላይ ነው በ1954 ያረፈው። እሱ ለእኛ ሲመጣ ዘራችንን አልቆጠረም!

«እኛ ባሪያ ሆነን አናውቅም» እያልን የምንኩራራም አለን። ይህን የምትሉ፣ በገዛ አገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 መሆኑን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። በየቤታችን ለጥቁር አሜሪካውያን የምንሰጠውን ስም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ልጆቻችንም ያውቁታል፤ በዚህ አዳራሽ አልደግመውም። ከዛሬ ጀምሮ ከቤታችሁ ይውጣ!

ወደ እማማ ቢዲ ልመለስ። ነጻ ከወጡ በኋላ ከዶክተር ጆን ግሪፊን ጋር በነርስነትና በአዋላጅነት በቀን 2 ብር ከ50፣ በዶላር ማለቴ ነው፣ ተቀጠሩ። እኔ በነርስነት የኖርኩ ሰው ነኝና ይህ ክፍል ልቤን ይነካዋል። ፈንጣጣ ከተማዋን ሲመታ ሌላው ሲሸሽ እሳቸው በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆዩ። የሀብታሙንም የድሃውንም፣ የነጩንም የሜክሲኮውንም ልጅ አዋለዱ፤ ስፓኒሽ አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር። ደሞዛቸውን ቆጥበው በ1866 ስፕሪንግ ስትሪት ላይ በ250 ዶላር ቦታ ገዙ። ስማቸውን መጻፍ ስለማይችሉ ውሉ ላይ ምልክት አደረጉ። በ1872 ፈርስት ኤ.ኤም.ኢ. የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተው እሳቸው ቤት ነው። እስረኛ ይጠይቃሉ፤ በ1880ዎቹ ጎርፍ ቤት ያፈረሰበት ሰው ከግሮሰሪ በእሳቸው ሒሳብ እንዲወስድ አደረጉ። ደጃቸው ላይ የተቸገረ ሰው ይሰለፍ ነበር።

ጥር 15 ቀን 1891 አረፉ። ቦይል ሃይትስ በሚገኘው ኤቨርግሪን መካነ መቃብር ሲቀበሩ ግን ስም የተጻፈበት ድንጋይ አልተደረገላቸውም። ድንጋዩ የቆመው በ1988 ነው፤ ያኔ ከንቲባ የነበሩት ቶም ብራድሊና የቤተ ክርስቲያኗ ምእመናን በተገኙበት። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ቤታቸው በነበረበት ቦታ የሕይወታቸው ታሪክ የተጻፈበት ረጅም ግንብ ተሠራ። ለመጎብኘት ምንም አይከፈልም።

ስለ ገንዘብ ማሰባሰቡ አስተባባሪዎቹ ይነግሯችኋል፤ እኔ ሁለት ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችንን ይዘን ስፕሪንግ ስትሪት ግንቡ ድረስ፣ ከዚያም ኤቨርግሪን እንሄዳለን፤ መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አበባ የሚያመጣም ስሙን እዚያው ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ያቺ ነርስ ልጃችንና ያ ወጣት አሁንም አልተለያዩም። አባትየውም ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። የእኒያን እናት ቤት አንኳኩተን ይቅርታ የምንጠይቅ አራት ሽማግሌዎች እፈልጋለሁ። አንዱ እኔ ነኝ። ሦስት ሰው ይቀራል፤ ፈቃደኛ የሆናችሁ አሁኑኑ እጃችሁን አንሱልኝ።