ከቁልሉ ላይ መውጣት፤ በባሕር ዳር ለሒሳብ አያያዝ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ተመራቂዎች፤

እኔም እንደ እናንተ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ወጥቼ አዲስ አበባ በሚገኝ ትልቅ የኦዲት ድርጅት ስቀጠር፣ ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች በበቂ አላውቃቸው ይሆናል የሚለው ሐሳብ ነበር። ፍርሃቱ ግን ቦታውን የሳተ ነበር። ደረጃዎቹን በቃሉ የሚያነበንብ ሰው በእንዲህ ዓይነት ቤት አይጠፋም፤ ከአዲስ ተቀጣሪ የሚፈለገው በቦታው ተገኝቶ፣ አይቶ፣ ያየውን ብቻ መጻፍ ነው።

ብቻዬን ለመጀመሪያ ጊዜ የተላክሁት ሰኔ 30 ቀን፣ የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት ዕለት፣ ለንብረት ቆጠራ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ በሸራ የተሸፈነ የእህል ቁልል ቆሟል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ለመነጋገር መጮህ ነበረብን። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ «ልጄ፣ ምን አደከመሽ፤ ከጎን ቆጥረሽ ማባዛት ነው» አሉኝ። ቆጠርሁ፤ ርዝመቱ 12፣ ወርዱ 10፣ ከፍታው 15 ኬሻ፤ በጠቅላላው 1,800። የንብረቱ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድም 1,800 ይላል። ምልክቴን አድርጌ፣ ፈርሜ፣ ደስ ብሎኝ ተመለስሁ።

በማግስቱ ሥራዬን የምትከታተለው ሲኒየር ኦዲተር ወረቀቱን ተመልክታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ላዩ ላይ ወጥተሽ አይተሻል?» አልወጣሁም ነበር። አብረን ተመልሰን፣ መሰላል አስመጥተን፣ ሸራውን ስንገልጥ የቁልሉ መሐል እንደ ጉድጓድ ባዶ ነው፤ በርዝመት 6፣ በወርድ 4 ኬሻ የሚይዝ ቦታ እስከ ወለሉ ድረስ የለም። ከ1,800ው 360 ኬሻ ማለት ነው። ነገሩ እንዴት እንዳለቀ የደንበኛ ምስጢር ስለሆነ እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ይህንንም ዝም ማለት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ትለምዱታላችሁ።

እኛ የጣና ዳር ልጆች ይህን ሌላ ቦታ መማር አልነበረብንም፤ የደንገል ታንኳ ምን ያህል ውኃ እንደጠጣ ዓሣ አጥማጁ የሚያውቀው ከዳር ቆሞ በማየት ሳይሆን ሲያነሣው ነው።

ትልቅ ድርጅት ውስጥ መሆን በራሱ አያድንም። ዛሬ በዓለም «አራቱ ትልልቆች» የሚባሉት የኦዲት ድርጅቶች፣ ዴሎይት፣ ፒደብሊውሲ፣ ኢዋይ እና ኬፒኤምጂ ቀድሞ አምስት ነበሩ፤ አምስተኛው አርተር አንደርሰን ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ ደንበኛው እ.ኤ.አ. በ2001 ከከሠረ በኋላ፣ ሰነድ በማጥፋት ተከሶ በ2002 ጥፋተኛ ተባለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን በ2005 ሽሮታል፤ ድርጅቱ ግን በዚያን ጊዜ ፈርሶ፣ ከጉዳዩ ጋር ምንም ንክኪ ያልነበራቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹ ተበትነው ነበር። ስለዚህ ፈርሙ የተባላችሁት ያላያችሁት ነገር ሲሆን፣ ጠያቂው ማናጀርም ይሁን የድርጅቱ ባለድርሻ የሆነ ፓርትነር፣ «አላየሁትም» በሉ። በእኔ ዘንድ ከሁሉም ፈተና የከበደው ይኸው ነው፤ ኤሲሲኤ የተባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ የሚጠይቃቸው 13 ፈተናዎችና የሦስት ዓመት የሥራ ልምዱ እንኳ ተጠንቶና ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው።

ወላጆችንም አንድ ነገር ልለምን። ከሐምሌ ጀምሮ የግብር ማሳወቂያው ጊዜ ጥቅምት 30 እስኪያበቃ ድረስ የእኛ ሰው ቤት አይገኝም፤ እንቁጣጣሽም መስቀልም በሰው ቢሮ፣ በቫውቸር ክምር መካከል ሊያልፍ ይችላል። ልጄ ከተማ ገብታ ረሳችኝ አትበሉ። እናቴ ብላኛለች፤ እስከ ዛሬም ትለኛለች።

ተመራቂዎች፣ ለመጀመሪያው ቀን ሱፍና አዲስ ጫማ እንደገዛችሁ እገምታለሁ፤ እኔም ገዝቼ ነበር። ለሰኔ 30 ግን መሰላል ላይ የማያንሸራትት ሌላ ጫማ ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ።

አመሰግናለሁ።